የወሰደ ይመልሳል

ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት አልፎኛል። ቢሆንም ጄኔቫ ላይ የመንግሥታቱ ስብሰባ ሲደራረብና ሹፌር ሲያጥረው ቃለጽድቅ መደወሉ አይቀርም። ቃለጽድቅ ስድስት መኪና ይዞ ዲፕሎማት የሚያመላልስ ያገሬ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ልጄ ይሆናል፣ በምላሱ ግን አያቴ ነው።

«ጋሽ አበጀ፣ አንዲት የፖሊስ ኮሚሽነር መጥተዋል፤ ከአንዲት ደሴት አገር። ሦስት ቀን ፓሌ፣ ወደ ስብሰባው አዳራሽ፣ ያመላልሷቸውና በአራተኛው ቀን ዙሪክ ያደርሱልኛል። እርስዎ ደግሞ የፖሊስ ነገር ይገባዎታል ብዬ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«አረማመድዎ።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ሻይ ጠጣሁ፣ ተቆጣሁ፣ ከዚያ መልሼ ደወልኩና እሺ አልኩት።

ፖሊስ ነበርኩ። ጄኔቫ ዳር፣ ለ ሊኞን በሚባለው ሰፈር ሃያ ስምንት ዓመት ስኖር ይህን ለጎረቤት ተናግሬ አላውቅም። አገርህ ምን ትሠራ ነበር ሲሉኝ «የመንግሥት ሠራተኛ» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ያልተናገርኩት ግን ከተናገርኩት ይበልጣል።

ኮሚሽነር ሲሌና ታፎ ስልሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ አጠር ደልደል ያሉ ሴት ናቸው። ነጭ ሸሚዝ፣ ሰማያዊ ቆብ፣ በዚያ በኅዳር ብርድ ደግሞ ክፍት ጫማ ከወፍራም ካልሲ ጋር። የመጀመሪያ ቀን የኋላውን በር ከፍቼ ስጠብቃቸው አልፈውኝ ሄደው ከፊት ተቀመጡ።

«ከኋላ የሚቀመጠው የተያዘ ሰው ነው» አሉኝ።

የእኔ እንግሊዝኛ የታክሲ እንግሊዝኛ ነው፤ የእሳቸውም የደሴት። ስለዚህ በደንብ ተግባባን።

አገራቸው ማሉቴ ትባላለች። ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ ብፈልጋት ውቅያኖሱ መሀል ዝንብ ያረፈ መሰለኝ። ነዋሪዋ ዘጠኝ ሺህ ነው። የእኛ ለ ሊኞን ብቻውን፣ ያ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚጠማዘዝ ሕንጻው፣ ስድስት ሺህ ምናምን ሰው ይዟል። ሴትዮዋ እንግዲህ የአንድ ተኩል ለ ሊኞን አዛዥ ናቸው ብዬ በልቤ ሳቅሁ። የትልቅ አገር ሰው ትንሽ አገር ሲያይ አያርፍም።

«ስንት ፖሊስ አለዎት?» አልኳቸው።

«ሠላሳ አንድ። አንዱ መለከት ነፊ ነው፣ እሱን ካልቆጠርነው ሠላሳ።»

«ጦር ሠራዊትስ?»

«የለንም።»

«መሣሪያስ?»

«አራት ጠመንጃ። በሳጥን ተቆልፈዋል። ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ እኔ ጋ ነው፣ ሌላው አዋላጇ ጋ።»

የሰማሁት ልክ አልመሰለኝም። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ዞሬ አየኋቸው። «አዋላጅ? ልጅ የምታዋልደው?»

«አዎ። ደሴቲቱ ላይ ያለውን ሰው ግማሹን በእጇ የተቀበለችው እሷ ናት። በእጄ የተቀበልኩትን ሰው ለመግደል ነው ወይ ቁልፉን የምሰጥሽ ብላ ትጠይቀኛለች። መልስ ከሌለኝ አትሰጠኝም።»

«ስንት ጊዜ ሰጠችዎት?»

«በእኔ ዘመን አንድ ጊዜ። ዝገቱን ልንወለውል።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ጡሩንባ ተነፋብኝ። ማንም ጡሩንባ ሲነፋብኝ ዝም የማልል ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን አልመለስኩለትም። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጠመንጃ ከዳቦ ቀድሞ በየደጁ በሚገኝበት ዘመን፣ ትከሻዬ ላይ የነበረውን ብረት እያሰብኩ ነበር። ያን ብረት የሰጠኝ ሰው ምንም አልጠየቀኝም፤ ስሜን እንኳ አሳስቶ ነው የጻፈው።

በሁለተኛው ቀን ኮሚሽነሯ ከስብሰባ ሲወጡ ተናደው ነበር። አንድ ተሰብሳቢ የአገር ውስጥ ደህንነታችሁ ዋና ስጋት ምንድን ነው ብሎ ጠይቋቸው ኖሯል።

«ምን አሉት?»

«ባለፈው ዓመት ሦስት ስርቆት፣ ሁለት ድብደባ፣ አንድ የጠፋ አሳማ። አሳማው ተገኝቷል አልኩት።»

እኔ ስስቅ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን የሳቅኩባት አገር እያደር በዓይኔ ከፍ አለች። ሠላሳ አንድ ሰው፣ ያለ ጠመንጃ፣ ዘጠኝ ሺህ ሰው ይጠብቃል። እንዴት? ሰው እጁን ለምን ይሰጣቸዋል? ይህን መጠየቅ አፈርኩ። የፖሊስ ጥያቄ ነው፣ ይታወቅብኛል ብዬ።

አራተኛው ቀን ማለዳ ተነስተን በሎዛን፣ በበርን አድርገን ወደ ዙሪክ ነዳሁ። መንገድ ላይ ጉዳዩን በአጭሩ ነገሩኝ። ዙሪክ አጠገብ ካለ እስር ቤት አንድ ያገራቸው ሰው ይወጣል፤ ሦስት ዓመት ታስሯል፤ ማታ በአውሮፕላን ይዘውት ይሄዳሉ። ስሙ ፒኮ ነው። የባለሥልጣን ጉዳይ አይጠየቅም ብዬ ዝም አልኩ። እስረኛ ከእስር ቤት ወደ እስር ቤት ሲዘዋወር ስንቱን አይቻለሁ፤ ይሄም ያው ነው ብዬ ደመደምኩ።

ዙሪክ ልንደርስ ስንል ከመንገዱ በላይ አንድ ሰሌዳ አለ። ዲቲኮን ይላል። ያችን ሰሌዳ በጠዋት ሳያት ፍጥነት ጨመርኩ።

እዚህ ላይ ስለ ዘበነ መናገር አለብኝ፣ አለበለዚያ ቀሪው ነገር አይገባም። ዘበነ የሰፈሬ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ፣ አንድ ግቢ ነው ያደግነው። በሦስት ዓመት እበልጠዋለሁ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ውስጥ፣ አለቃዬ ስም የተጻፈባት ወረቀት ሰጠኝ፤ የዘበነ ስም ነበር። ጎረቤታቸው ስለሆንክ አንተ ብትሄድ ግርግር አይነሳም አለኝ። ሄድኩ። በሩን ሳንኳኳ ታናሽ እህቱ ተናኘ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ በቀዳዳ አየችኝና «ጋሼ አበጀ መጣ!» ብላ እየዘለለች ከፈተችልኝ። ሁልጊዜ ከረሜላ እሰጣት ነበር። እናታቸው እማማ ጥሩወርቅ ወለሉን አጥበው ገና አልደረቀም። በቡትስ ረግጬው ገባሁ።

«ለአጭር ጥያቄ ነው እማማ፣» አልኳቸው፣ «አሁን መልሼ አመጣዋለሁ።»

ከሰባት ዓመት በኋላ ነው የወጣው። እኔ አልመለስኩትም። እማማ ጥሩወርቅ በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዘው ጣቢያ ይመጡ ነበር። «አበጀ ልጄ፣ ዘበነዬ ደህና ነው? ምንም አልጎደለበትም?» ይሉኛል። «ሙሉ ነው እማማ፣ ምንም አልሆነም» እላቸዋለሁ። ያን ቃል ስናገር፣ ከበስተጀርባዬ ባለው ክፍል እግሩን ዘቅዝቀው ሲገርፉት በሩ ላይ ዘብ ቆሜ ያደርኩ ሰው ነኝ። እማማ ልጃቸው ሳይፈታ ሞቱ።

የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለፋሲካ ዙሪክ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ከወንዶቹ መቆሚያ ማዶ በግራ እግሩ የሚያነክስ ሰው አየሁ። ዘበነ ነበር። ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣሁ፤ ዙሪክ ዳግመኛ ቤተ ክርስቲያን አልሳምኩም። አድራሻውን ግን ከማኅበሩ የስልክ ዝርዝር ላይ አይቼ በቃሌ ይዤዋለሁ። ዲቲኮን፣ ከጣቢያው በእግር ስምንት ደቂቃ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ሰሌዳ ሥር እየነዳሁ አልፌያለሁ።

እስር ቤቱ በር ላይ ሰዓቱ ሳይደርስ ደረስን። ኮሚሽነሯ ወርደው ወደ በሩ ሲሄዱ፣ እኔ ማንም ሳያዘኝ መኪናውን አዙሬ የኋላ በሩን ከእስር ቤቱ በር ትይዩ አቆምኩ። ቀጥሎ የኋላ በሮቹን የሕጻናት መቆለፊያ፣ ያችን ከውስጥ እንዳይከፈት የምታደርገዋን፣ በግራም በቀኝም ገፋኋት። እጄ ይህን ሲሠራ አእምሮዬ ስለ ነዳጅ እያሰበ ነበር። ዓመል ያወጣል ከመሀል የሚሉት እውነት ነው።

ፒኮ ወጣ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ረጅም፣ ጠይም፣ አንድ የስፖርት ቦርሳ ብቻ የያዘ። ካቴና ይወጣል ብዬ የኮሚሽነሯን እጅ አየሁ። እሳቸው ቆባቸውን አውልቀው የመኪናው ኮፈን ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ትንሽ ደብተር አወጡና በገዛ ቋንቋቸው አንድ አጭር ጥያቄ ጠየቁት። ፒኮ ሲናገር እሳቸው ይጽፋሉ። እሱ ዝም ሲል ይጠብቁታል። አንዴ አፉን ከፍቶ ጥርሱን አሳያቸው፤ ጻፉ። አንዴ እንባው መጣ፤ እሱንም ጻፉት መሰለኝ። እኔ በዘመኔ ብዙ ቃል ተቀብያለሁ፤ የተያዘ ሰው ሲናገር አለቃ የሚጽፍ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን አለቃው ቆቡን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ተከሳሽ ሲጽፍ አይቼ አላውቅም። የጻፉትን አልቀበልም ያለ ይመስል ፒኮ አንዱን ነገር አሰረዛቸውና እንደገና አስጻፋቸው።

ከኋላ ተቀመጡ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን። ፒኮ ውሃ ማየት እፈልጋለሁ አለ። ሦስት ዓመት በቧንቧ ካልሆነ ውሃ አላየሁም አለ። ደሴት ለተወለደ ሰው እንዴት እንደሚሆን ገመትኩና ዙሪክ ሐይቅ ዳር ወሰድኳቸው።

መኪናውን አቆምኩ። ከኋላ እጀታ ሲሳብ ሰማሁ። እንደገና ተሳበ። ፒኮ እጀታውን ለቀቀና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በር ሰው እስኪከፍትለት የጠበቀ ሰው አቀማመጥ። ዘልዬ ወርጄ በሩን ከውጭ ከፈትኩ፣ ይቅርታ አልኩ፣ አሁንም ይቅርታ አልኩ። ፒኮ ጫማውን እዚያው አውልቆ ወደ ውሃው ወረደ።

ኮሚሽነሯ መቆለፊያዋን በጣታቸው ነክተው አዩኝ።

«ሚስተር አበጀ፣ ፖሊስ ነበሩ?»

«ነበርኩ» አልኩ። በዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ አልኩት።

አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ፒኮ በዚያ በረዶ በሚያህል ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ፣ ሱሪውን እንኳ ሳይሰበስብ ቆሟል። የሚሄዱ የሚመጡ ሰዎች ቆመው ያዩታል። እኔም አየሁት። ውሃው እስከ ተራሮቹ ድረስ ፀጥ ብሏል፤ ሰውየው ውሃውን እንደ ሰው በመዳፉ ይዳብሰዋል። ስንት ጊዜ በዚህ ሐይቅ ዳር መንገደኛ ስጠብቅ ጋዜጣ ሳነብ ኖሬያለሁ፤ ሐይቁን ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ምን ነበር የሚጽፉት?» አልኳቸው።

«የጎደለውን» አሉኝ። «በእኛ አገር ሰው የያዘ ፖሊስ፣ ሰውየው የሚፈታበትን ቀን እየቆጠረ ይኖራል። ቀኑ ሲደርስ የወሰደው ራሱ ሄዶ ከበር ይቀበለዋል፤ እስከ ቤቱ ይሸኘዋል። ሲወሰድ ያየ ሰው በር ላይ ይቆምና ‹ሙሉ ነው?› ብሎ ይጠይቃል። ፖሊሱ የጎደለውን አንድ በአንድ ይናገራል። ጥርስም ይሁን፣ ሚስትም ትሁን፣ ያልቀበረው አባትም ይሁን። ደብቆ የቀረ ፖሊስ ከዚያ በኋላ ሰው መያዝ አይችልም።»

«ማን ይከለክለዋል?»

«ማንም አይከለክለውም። ሰው እጁን አይሰጠውም፣ በቃ። እጁን የሚሰጠን እንደምንመልሰው ስለሚያውቅ ነው። ያ ሰው የጠየቀኝ የአገር ውስጥ ደህንነት ይኸው ነው፤ ሌላ የለንም።»

ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ያፈርኩበት ጥያቄዬ ተመለሰልኝ። ባለ ካልሲ ክፍት ጫማዋ ሴትዮ ፊት ተነስቼ መቆም አማረኝ።

«ግን ፒኮን እዚህ የያዘው የዚህ አገር ፖሊስ ነው» አልኩ።

«ኤርፖርት ላይ ክልክል ዕቃ ይዞ ሲገኝ ማንነቱን የጠየቁት እኛን ነው። ‹አዎ፣ እሱ ነው› ብዬ ደብዳቤውን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ጥፋተኛ ነበር፤ ደግሜም ብሆን እፈርማለሁ። ስለዚህ የወሰደው የእኔ እጅ ነው። ስብሰባ አለ ብዬ የመጣሁት ለዚህ ነው፤ ለስብሰባው ሌላም ሰው መምጣት ይችል ነበር።»

«እርስዎስ፣ ያልመለሱት ሰው አለ?» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወረቀቷን፣ ወለሉን፣ ምሳ ዕቃውን፣ በተለይ «ሙሉ ነው» ያልኩትን። እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴ እንኳ በግማሽ ነው የተናገርኩት። አላጽናኑኝም፣ አልተቆጡኝምም። ከደብተራቸው አንድ ቅጠል ቀድደው ከእርሳሳቸው ጋር ሰጡኝ።

«እናትየዋ ሞተዋል» አልኳቸው። «ማን ይጠይቀኛል?»

«ሲወሰድ ያየ ሌላ ሰው የለም?»

ተናኘ አለች። የማኅበሩ ዝርዝር ላይ ከዘበነ ስም ሥር ስሟ አለ፤ በአንድ አድራሻ ነው የሚኖሩት። ይህን ለኮሚሽነሯ አልነገርኳቸውም፤ ሳልነግራቸው ግን ያወቁ መሰለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኤርፖርት አደረስኳቸው። ፒኮ ሱሪው ገና እርጥብ ነው። የኋላ በሩን ራሱ ከውስጥ ከፍቶ ወረደ፤ ከወረደ በኋላ አንዴ ዘግቶ እንደገና ከፈተውና ሳቀብኝ። ኮሚሽነሯ ቆባቸውን አደረጉ። «በማሉቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚመልስ ፖሊስ ብቻውን አይላክም፤ ባልደረባ አብሮት ይሄዳል። እኔ አውሮፕላን ስላለብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉና እጄን ጨብጠውኝ ገቡ።

መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተቀምጬ ወረቀቷ ላይ ጻፍኩ። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። አምስት መስመር ብቻ ነው።

ዲቲኮን ስደርስ ፀሐይዋ ሕንጻዎቹ ጫፍ ላይ ነበረች። የመግቢያው በር በድንጋይ ተደግፎ ተከፍቷል። ደወሉን ልጫን ወይስ ልመለስ እያልኩ ስቆም ከምድር ቤት የልብስ ማጠቢያ ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎም በአማርኛ የሚነጫነጭ ሰው። ደረጃውን ወረድኩ። ዘበነ በሕንጻው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ዋሽኩሄ በሚሉት ውስጥ፣ ቅርጫት አጠገቡ አድርጎ ተቀምጧል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ቀና ብሎ አየኝና ምንም አልደነገጠም።

«አበጀ» አለ። «ከቤተ ክርስቲያን ሮጠህ የወጣኸው መንገድ አሁን ነው እዚህ ያደረሰህ?»

«አይተኸኝ ነበር?»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አረማመድህን መቼም አልረሳውም፤ በሌሊት ክፍል ውስጥ ሆኜ የጠበቅሁት እሱን ነበር፣ የሰፈሬ ልጅ መጥቶ በሩን ይከፍትልኛል እያልኩ።»

ልናገር የመጣሁትን ትቼ ስለ ማሉቴ ነገርኩት፤ ስለ አዋላጇ ቁልፍ፣ ስለ ኮሚሽነሯ ደብተር፣ ስለ ፒኮና ስለ ሐይቁ። ልመልስህ መጣሁ አልኩት። እየተናገርኩ ሳለ ሞኝነት ሆኖ ተሰማኝ። ዘበነ በማጠቢያው መስኮት የሚዞረውን ልብስ እያየ ሰማኝ።

«ይህች አገር በእርግጥ አለች?» አለኝ።

«ዛሬ ማታ ሁለት ሰዎቿ ከዚህ በላይ ይበርራሉ።»

«አዋላጅ!» አለና ራሱን ነቀነቀ። ቆይቶ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «ለእኔ ምንም አልገባህልኝም፤ ቃል የገባኸው ለእማማ ነው። አሁን ያለችው ተናኘ ናት። አታስገባህም፣ ልንገርህ። ተናኘ አርባ ሰባት ዓመት በር ተንኳኩቶ ከፍታ አታውቅም፤ እኔ ነኝ የምከፍተው። እኔ ከሌለሁ ደግሞ አይከፈትም።»

ይህን አልጻፍኩትም ነበር።

«እንሂድ» አልኩት።

«ማጠቢያው ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ተራዬ ዛሬ ነው፤ ካለፈኝ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ነው። አርባ ሰባት ዓመት የቆየህ ሃያ ደቂቃ አያቅትህም፤ ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ሁለት ሽማግሌዎች አንሶላ ሲዞር እያየን ሃያ ደቂቃ አሳለፍን። ሲያልቅ እርጥቡን ልብስ ቅርጫት ውስጥ ከተትነው፤ ቅርጫቱን እኔ ተሸከምኩ። ሦስት ፎቅ ነው። በግራ እግሩ እየጎተተ በፊቴ ይወጣል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ያ እግር ሲነሳና ሲያርፍ እያየሁ ወጣሁ።

በሩ ላይ ደረስን። ዘበነ ቁልፉን አወጣና ሊከፍት ሲል ክንዱን ያዝኩት። ራሴ አንኳኳሁ።

ውስጥ ኮቴ ተሰማ፤ በሩ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። በቀዳዳው ጨለማ አለፈ። እያየችኝ ነው።

«ተናኘ፣» አልኩ፣ «አበጀ ነኝ። ዘበነን ይዤ መጥቻለሁ።»

ዘበነ ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰው። ወረቀቷን አወጣሁ፤ ግን ሳላያት በቃሌ ለበሩ ተናገርኩ።

«እማማ ጥሩወርቅ ሙሉ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ሙሉ ነው ብዬ ዋሽቻቸዋለሁ። ሙሉ አይደለም። የግራ እግሩ ጎድሏል፤ ሲጎዱት በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ ሰምቻለሁ። ሰባት ዓመት ጎድሎታል። ትምህርቱ ጎድሏል። እናቱን አልቀበረም። ‹አሁን› ብዬ ወስጄው አርባ ሰባት ዓመት ቆይቻለሁ።» አምስቱ መስመር አለቀ። ወረቀቷ ላይ የሌለውን ጨመርኩ። «አንቺም ጎድለሻል። በሩን የከፈትሽው ከረሜላ ለሚሰጥሽ ጎረቤት ነው። የገባው ሌላ ሰው ነው። ጥፋቱ ካንቺ ዘንድ አንድም ቀን አልነበረም።»

ደረጃው ላይ ያለው መብራት በራሱ ጊዜ ጠፋ። በጨለማው ውስጥ ሦስታችንም ስንተነፍስ ይሰማል። ውኃ ከቅርጫቱ እየተንጠባጠበ ጫማዬ ላይ ይወርዳል። አትከፍትም አልኩ በልቤ፤ ባትከፍትም ልክ ናት።

ቁልፉ ከውስጥ ዞረ።

ዘበነ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። በሩ ተከፈተና ብርሃኑ ላያችን ላይ ፈሰሰ። ተናኘ ሽበት የጣለባት ሴት ሆናለች፤ እጇ ግን እጀታውን የያዘው ያኔ እንደያዘው በሁለት እጅ ነው። ወንድሟን ከራሱ እስከ እግሩ አየችው፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ልብስ ይዞ የወረደውን ሰው፣ ከሩቅ አገር እንደመጣ አድርጋ ፊቱን ዳሰሰችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ፊቴን አላየችም። ጫማዬን ነው ያየችው።

ቅርጫቱን አስቀምጬ ጎንበስ አልኩ። ግድግዳውን ይዤ ጫማዬን አወለቅሁ፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን፤ ከዘበነ ጫማ ጎን አስተካክዬ አኖርኳቸው። ወለሉ በካልሲዬ ቀዘቀዘኝ።

«ጋሼ አበጀ» አለች።

ያን ስም ከዚያ ጠዋት ወዲህ በእሷ ድምፅ አልሰማሁትም።

«ብርድ እየገባ ነው» አለችና፣ በሩን ሳትዘጋው ወደ ውስጥ ሄደች።